ታናሽ ዕቃ፥ ታላቅ ሙያ

ሰው ታናሽ ወንበር ወይም ታናሽ ቁም ሣጥን ባየ ጊዜ የልጅ መጫወቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቀናዋል። በአሜሪካ አገር፥ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኙትን 68 ታናናሽ ክፍሎች የተመለከተ ግን ይህን አሳቡን ይለውጣል። በውስጣቸው የተሰናዳው የቤት ዕቃ መጠኑ ከእውነተኛው ዕቃ ከ12 እጅ አንዱ እጅ ነው።

ክፍሎቹን ያሠሩት ወይዘሮ ናርሲሳ ቶርን (1882–1966) ሲሆኑ፥ ሥራው የተከናወነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1932 እስከ 1940 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ያ ዘመን በአሜሪካ ንግድ የወደቀበት፥ ብዙ ባለሙያም ሥራ ፈትቶ የተቀመጠበት ነበር። ሙያ የሚጠፋው ባለሙያው ስለ ሞተ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን የሚያዝዝ ሰው ሲታጣም ይጠፋልና፥ ወይዘሮዋ ለእጅ ባለሙያዎች ሥራ መስጠታቸው የሚመሰገን ነው።

የዚህ ሙያ መሠረቱ ልክ ነው። ከፍታው 72 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ 24 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። በታላቁ ዕቃ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ስሕተት ከዓይን ይሰወራል፤ በታናሹ ላይ ግን የ12 ሚሊ ሜትር ስሕተት ያህል ጐልቶ ይታያል።

ሁለተኛው ነገር የእንጨቱ ምርጫ ነው። ዕቃው ቢያንስም የእንጨቱ መስመር አብሮት አያንስም። ስለዚህ መስመሩ የጐላ እንጨት ትቶ፥ አካሉ ጥብቅና መስመሩ ረቂቅ የሆነውን መምረጥ ይገባል፤ ከአገራችን ዛፎች ወይራ ለዚህ ይስማማል። ቅርጹ ሲወጣም ስለቱ እጅግ የተሳለ ይሁን፤ የዶለዶመ ስለት እንጨቱን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቈርጠውም።

ከሁሉ የሚረቅቀው የብረታ ብረቱ ሥራ ነው። ለቁም ሣጥኑ በር ማጠፊያ ለመሥራት፥ ሥሥ የናስ ቅጠል ተቈርጦ ጠርዙ በቀጭን ሽቦ ላይ ይጠቀለላል። ቀጥሎም የሁለቱ ክንፎች ጠርዝ እንደ ተጠላለፉ ጣቶች እርስ በርሱ እንዲገባ ተራ በተራ ይፈለፈላል፤ ሽቦውም በመካከል ሲያልፍ በሩ ይከፈታል፥ ይዘጋል። ናስ በታጠፈና በተቀጠቀጠ ቍጥር እየጠነከረ ሄዶ ይሰነጠቃልና፥ ሠሪው በየጊዜው በእሳት አግሎ ያለሰልሰዋል።

እንግዲህ አባትና እናት ሆይ፥ ልጃችሁ ከተጣለ ቍራጭ እንጨት ታናሽ በርጩማ ሲሠራ ብታዩ ሥራውን አትናቁበት። ስለት ሲይዝ አጠገቡ ሁኑ፤ ልኩን እንዲጠብቅ፥ ከበታች ያለውንና የማይታየውንም ገጽ እንዲያለሰልስ ምከሩት። ሠርቶ ሲጨርስም በቤታችሁ ከሚታይ ስፍራ አኑሩለት፤ ሥራው እንደ ተከበረለት ያየ ልጅ ሁለተኛውን አሻሽሎ ይሠራልና።