አያዎና ምሉዕነት፦ የሰምና ወርቅ አንድነት

«ምሉዕ ነገር ከክፍሎቹ ድምር ይበልጣል» የሚለው አባባል በፍልስፍናም ሆነ በሥነ ጽሑፍ ሒስ ተደጋግሞ ይሰማል። ሆሊዝም የሚለውን ስያሜ በ1926 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው ደቡብ አፍሪቃዊው ጃን ስማትስ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከስያሜው እጅግ ይቀድማል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሐሳቡ ስለ አያዎ ምን እንደሚያስረዳና በሰምና ወርቅ አነባበባችን ላይ ምን እንደሚለውጥ ለማሳየት ይሞከራል።

አርስቶትል በ«ሜታፊዚክስ» ሰባተኛ መጽሐፍ «ባ» የሚለውን ቀለም በምሳሌነት ያነሣል። ቀለሙ ከተነባቢና ከአናባቢ የተሠራ ነው። ሁለቱን ብንለያያቸው ድምፆቹ ይኖራሉ፤ ቀለሙ ግን ይጠፋል። ስለዚህ በቀለሙ ውስጥ ከድምፆቹ ሌላ ነገር አለ። ይህም ሦስተኛ ድምፅ ሊሆን አይችልም፤ ቢሆንማ እርሱን ከሁለቱ ጋር የሚያያይዝ ሌላ ባስፈለገ ነበር። የሚያስተሳስራቸው ሥርዓት ነው። የግእዝ ፊደል ይህንኑ ለዓይን ያሳያል፤ በ«ባ» ውስጥ አናባቢው የራሱ ፊደል ሳይኖረው በምልክቱ ቅርጽ ለውጥ ብቻ ይታወቃል።

ጥያቄው የሚከብደው ክፍሎቹ ሲቃረኑ ነው። «አያዎ» የሚለው ሙያዊ ቃል ራሱ «አይ»ንና «አዎ»ን አጣምሮ ይዟል። ለምሳሌ «ወንጀለኛው በመጨረሻ ተማረ» እንበል። ኅብረ ቃሉ «ተማረ» ነው፤ ትምህርት ቀሰመ ወይም ምሕረት አገኘ ማለት ይሆናል። በግእዝ «መሀረ» (አስተማረ) እና «መሐረ» (ይቅር አለ) በፊደል ይለያሉ፤ በአማርኛ ግን የሁለቱ ልዩነት ጠፍቷል። የመጀመሪያው ፍቺ ለውጡን ከሰውየው ጥረት፣ ሁለተኛው ከሌላ ሰው ቸርነት ያመጣዋል። ምሕረት ያገኘው ስለ ታረመ ነው ወይስ የታረመው ምሕረት ስላገኘ? ይህ ጥያቄ ከአንዱ ፍቺ ብቻ አይወለድም።

እዚህ ላይ የስያሜውን መነሻ ማስታወስ ይጠቅማል። አንጥረኛ በሰም ቅርጽ ያወጣል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። በአንጥረኛው ዘንድ ሰሙ ጠፊ ነው። በቅኔ ግን አይቀልጥም። ወርቁ ከተገኘ በኋላም ሰሙ በዚያው ቃል ውስጥ ይኖራል፤ እርሱ ከተጣለ ወርቁ ተራ መግለጫ ሆኖ ይቀራል። አሜሪካዊው ሐያሲ ክሊንዝ ብሩክስ በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሒስ መጽሐፍ ግጥምን በስድ ንባብ ፍቺ መተካትን ከመናፍቅነት የቆጠረው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ አንድነት ሲባል ክፍሎችን መዋጥ ማለት አይደለም። ስለ ምሉዕነት የጻፈው ስማትስ ራሱ ለጥቁሩ ሕዝብ እኩል የፖለቲካ መብት የነፈገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። የአንዱን ወገን ድምፅ አፍኖ «ምሉዕ ነኝ» የሚል አንድነት አያዎን አይፈታም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። በንባብም ቢሆን ወርቁን አንግሦ ሰሙን መጣል ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከዚህ አንጻር ተማሪው «ሰሙ ምንድን ነው? ወርቁስ?» ብሎ ሁለት መስመር ጽፎ ቢያቆም ሥራው ገና ተጋመሰ እንጂ አላለቀም። ሦስተኛው ጥያቄ «ሁለቱ አብረው ሲሰሙ አንዱ በሌላው ላይ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ቅኔው ያለው በዚህ ጥያቄ መልስ ውስጥ ነው።