ስድስት ሳጥን ወይስ ሁለት?

የቴሌቪዥን ምስል በየዓመቱ ሲያምር ድምፁ ወደ ኋላ ቀርቷል። ድሮ የብፌውን ግማሽ ይይዝ የነበረው ባለ ትልቅ ሆዱ ቴሌቪዥን ውስጡ ሰፊ ስለነበር ስፒከሩ ከስክሪኑ ጎን ሆኖ ፊት ለፊት ያሰማ ነበር። የዛሬው ስስ ቴሌቪዥን ግን ለስፒከር የሚሆን ቦታ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ወይም ከጀርባው ይሸጎጥና ድምፁ ብፌውንና ግድግዳውን እየመታ ይደርሰናል። ምን እንደሚከተል ፊልም የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል፤ ተዋናዮቹ ሲነጋገሩ አይሰማም፣ ድምፅ ሲጨመር ደግሞ ተኩሱና ሙዚቃው የተኛ ልጅ ይቀሰቅሳል።

ይሄኔ ነው ሆም ቴአትር የሚታሰበው። ገዢው መርካቶ ወይም ቦሌ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ይገባል፣ ሻጩ ትልቁን ካርቶን ያሳየዋል፣ ካርቶኑ ላይ አምስት ስፒከርና አንድ ወፍራም ውፈር ተሥለዋል፣ ከጎናቸው የዋት ቁጥሩ በትልቁ ተጽፏል። ዋጋ ተከራክሮ ተሸክሞት ይሄዳል። እኔ ግን ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ያንን ካርቶን ከመግዛቱ በፊት ሁለት ጊዜ ቢያስብ እላለሁ።

ሆም ቴአትር የሲኒማ ቤትን ድምፅ ሳሎን ለማስገባት የተፈለሰፈ ነገር ነው። ሲኒማ ቤቶች ተመልካቹን በድምፅ ለመክበብ መሞከር የጀመሩት ቀደም ብለው ነው፤ የዋልት ዲዝኒ «ፋንታዥያ» እ.ኤ.አ. በ1940 ሲወጣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የድምፅ መሣሪያ ነበረው። ዛሬ በየመሣሪያው ላይ ስሙን የምናነበው ዶልቢ፣ ሬይ ዶልቢ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1965 ለንደን ውስጥ ያቋቋመው ድርጅት ነው። የዚህ ድርጅት ዲጂታል ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» በተሰኘው ፊልም ሲኒማ ገባ፤ ከዚያም በዲቪዲ በኩል በየቤቱ ተዳረሰ።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው 5.1 የሚለው ቁጥር የስፒከሮቹ ቆጠራ ነው። ሁለቱ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ አንዱ መሐል ላይ ይሆናል፣ ሁለቱ ከተቀማጩ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ብለው ይቀመጣሉ። ከነጥቡ በኋላ ያለችው አንድ ደግሞ ውፈሩ ናት። ከነጥብ በኋላ የተጻፈችው ከሌሎቹ እኩል ሙሉ ድምፅ ስለማትሸከም ነው፤ የሷ ድርሻ ከ120 ኸርዝ በታች ያለው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ከሁሉም ሥራ የሚበዛበት የመሐሉ ስፒከር ነው። ፊልም ሲቀናበር ንግግሩ በአብዛኛው የሚላከው ወደ እሱ ነው። ርካሽ ካርቶኖች ውስጥ ግን የመሐሉም የኋላውም አንድ ዓይነት ትንንሽ ፕላስቲክ ሆነው ይመጣሉ። «አይሰማም» ብሎ የገዛው ሰው ተመልሶ «አይሰማም» የሚለው ለዚህ ነው።

የኋላዎቹ ስፒከሮች ሌላ ጣጣ አለባቸው። የሚሠሩት ለእነሱ የተዘጋጀ ድምፅ ሲመጣላቸው ነው። ከዲሽ የምናያቸው የአገር ውስጥ ጣቢያዎችም ሆኑ ዩቲዩብ ላይ ያሉት የአማርኛ ፊልሞችና ክሊፖች አብዛኛዎቹ ባለ ሁለት ቻናል ስቴሪዮ ናቸው። ያን ጊዜ የኋላዎቹ ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ መሣሪያው ከፊተኛው ድምፅ ቆንጥሮ የሚልክላቸውን ያሰማሉ። አቀማመጡም ለኛ ሳሎን አይመችም። መስፈርቱ ስፒከሮቹ ከተቀማጩ ትንሽ ወደ ኋላ ብለው ግራና ቀኝ እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ የኛ ሶፋ ግን ሦስቱን ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚደረደረው፣ ገመዱም በር ማቋረጥ አለበት። ስለዚህ ብዙ ቤት ስትገቡ የምታዩት አምስቱም ስፒከሮች ከቴሌቪዥኑ ሥር ብፌው ላይ ለፎቶ እንደተሰለፉ ቆመው ነው። ለአምስት ተከፍሎ አንድ ቦታ ለተሰበሰበ ነገር አምስት ስፒከር መግዛት አያስፈልግም ነበር።

በመካከለኛ ገቢ ለሚኖርና ሳሎኑ የኮንዶሚኒየም ያህል ለሆነ ቤተሰብ የኔ ምርጫ ሳውንድ ባር፣ ማለትም ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚጋደም ረጅም ስፒከር፣ ከነውፈሩ ነው። ሁለት ሳጥን፣ ወደ ቴሌቪዥኑ አንድ ገመድ፣ አለቀ። በተለይ ካርቶኑ ላይ 3.1 የሚል ከተገኘ ለንግግር የተለየ የመሐል ስፒከር አለው ማለት ነው፤ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጥ 5.1 ይልቅ ይሻላል፣ ምክንያቱም ገንዘቡ በስድስት ሳጥን ላይ አልተበተነም። ሙዚቃ አጥብቆ የሚወድ ሰው ደግሞ አንድ አነስተኛ አምፕሊፋየርና ሁለት ጥሩ የእንጨት ስፒከር ቢፈልግ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ አይቆጨውም። ዶልቢ አትሞስ የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ዋጋ መጨመር ግን በዚህ ደረጃ ትርጉም የለውም፤ የአትሞስ ዋና ነገሩ ከላይ የሚመጣ ድምፅ ነው፣ ርካሹ ሳጥን ወደ ጣሪያ የሚያሰማ ስፒከር የለውም።

ስለ ዋቱ። ካርቶኑ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቁጥር ካለና አጠገቡ ፒ ኤም ፒ ኦ ከተባለ ቁጥሩን ይርሱት። መሣሪያው ለቅጽበት ሊተፋው ይችላል ተብሎ የተገመተ ነው፤ አንድ ወጥ አለካክም የለውም። የሚጠየቀው አር ኤም ኤስ የሚባለው፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ጉልበት ነው። እሱም ቢሆን ብዙ አያስጨንቅ፤ ዋቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ መጠን በ3 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ይላል፣ ጆሯችን ድምፁ እጥፍ ሆነ እንዲል ደግሞ ዋቱ አሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ሱቅ ውስጥ ማጣራት የሚፈልግ ሰው መሣሪያውን ገልብጦ ገመዱ የሚገባበት አጠገብ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብብ። ከሶኬት 60 ዋት ይስባል የሚል መሣሪያ 1000 ዋት ድምፅ እያወጣ ሊቆይ አይችልም።

ያቺ ትንሽ ጽሑፍ ሌላ ጥቅምም አላት። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልከው ዕቃ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ የኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ እዚያው ይቃጠላል። ጽሑፉ 100-240 ካለ ችግር የለም። 120 ብቻ ከሆነ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ነው። ውፈሩ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ካለው የሱም ለብቻው ይነበብ፤ ባሩን አይቶ ውፈሩን የሚረሳ አይጠፋም። ከዱባይ የመጣ ዕቃ በቮልቴጁ አያስቸግርም፣ የሶኬቱ ቅርጽ ብቻ ነው የሚለየው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሚደርሰው ጉዳት ለመዳን ደግሞ ስታብላይዘር አይጠላም።

ቤት ከገባ በኋላ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኘው ገመድ የኤች ዲ ኤም አይ ቢሆን ይመረጣል፤ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ኤ አር ሲ የሚል ምልክት ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ያኔ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ብቻውን ድምፁንም ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ያ ከሌለ የኦፕቲካል ገመድ በቂ ነው። ብሉቱዝ ለሙዚቃ ይሁን፤ ለፊልም ግን ድምፁ ትንሽ ይዘገይና የተዋናዩ አፍ ከተዘጋ በኋላ ቃሉ ይመጣል።

ውፈሩ የት ይቀመጥ የሚለው ከሚታሰበው በላይ ልዩነት ያመጣል። የ40 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ ብቻ ከ8 ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ከብዙ ሳሎን ይረዝማል። ስለዚህ አንዱ ቦታ ላይ ጉርምርምታው ይከማቻል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል። የቆየ ዘዴ አለ፦ ውፈሩን ራስዎ የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ያስቀምጡት፣ ቤዝ ያለው ዘፈን ይክፈቱ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው በግድግዳው ዙሪያ ይሂዱ። ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ ላይ ይተክሉታል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ይሳቁ። ጥግ ላይ ማስጠጋት ድምፁን ያበዛል፣ ግን ያደበላልቀዋል፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ቤዝ ግድግዳ አያግደውም፣ የታችኛው ፎቅ ሰው ፊልሙን ሳያየው ይሰማዋል። ማታ ማታ ናይት ሞድ የሚባለውን ማብራት ፍንዳታውን ዝቅ፣ ንግግሩን ከፍ ያደርገዋል።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ ሁልጊዜ ቤዙ የሚያንቀጠቅጥ ዘፈን ነው የሚከፍተው። ዜና ይክፈትልኝ ይበሉት፣ ድምፁንም ይቀንስልዎ። አንባቢዋ የምትለው ዝቅ ባለ ድምፅ ቃል በቃል ከተሰማ፣ ያኔ የኳስ ጨዋታ፣ ከዚያ ፊልም ያስሞክሩ። በመጨረሻ ሪሞቱን ለሻጩ መልሰው መሣሪያው ላይ ያሉትን ቁልፎች ብቻ እየነኩ ያብሩት፣ ያጥፉት፣ ግብዓቱን ይቀይሩ። ቁልፍ የሌለው ከሆነ ሪሞቱ የጠፋ ቀን ዕቃውም ከጥቅም ውጭ ነውና፣ ተመሳሳይ ሪሞት ለብቻው የት እንደሚሸጥ እዚያው ይጠይቁ።