ሚዛን ላይ የዘነበው ውሃ የት ያርፋል?

ሚዛን ተፈሪ ላይ የወረደው ዝናብ የት እንደሚደርስ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከአካባቢው የቡና ተራሮች የሚነሳው ጊሎ ወንዝ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፤ ታታ ሐይቅን አልፎ ደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ ፒቦር ወንዝን ይቀላቀላል፤ በሶባት በኩልም ነጭ ዓባይ ይገባል።

ጉዱ የሚጀምረው ሜዳው ላይ ነው። ሚዛን ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት፤ የጋምቤላ ሜዳ ግን ወደ 500 ሜትር ዝቅ ይላል። ሲንደረደር የመጣው ውሃ እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ ይረግባል፣ ቦዩ ይጠበዋል፣ ግራና ቀኝ ይንጣለላል። ጠባብ ቤት ያለው ሰው ድግስ ሲያወጣ ደጁ ላይ ዳስ ይጥል የለ? ሜዳውም የወንዙ የክረምት ዳስ ነው።

ደግሞም ብዙ ይበላበታል። ዓሣ ይራባበታል። ውሃው ሲሸሽ ደለል ትቶ ይሄዳል፤ አኙዋዎች እርጥበቱን ተከትለው በቆሎና ማሽላ ይዘሩበታል፤ ኑዌሮች በበጋ ከብት ያሰማሩበታል። የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋም ሣርና ውሃ እየተከተለ በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክና በደቡብ ሱዳን መካከል ይመላለሳል።

«ታዲያ ዳር ዳሩን በግንብ አጥረን ብንገላገልስ?» ትሉ ይሆናል። የታጠረ ውሃ አይጠፋም፤ ከፍ ብሎ ይፈስና ለታችኛው መንደር ይተርፋል። ጎረቤታችን ኦሞ ወንዝ የነገሩን ሁለት ጠርዝ አሳይቶናል፦ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ገደለ፤ ጊቤ 3 ግድብ ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ዓመታዊው ሙላት ቀርቶባቸው የታችኛው ኦሞ የውሃ ሽሽት እርሻ ባለቤቶች ተቸገሩ።

በግንብ ሥራ የታወቀችው ኔዘርላንድስ እንኳ በ1995 እ.ኤ.አ. ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ከቤቱ ካሸሸች በኋላ ሐሳቧን ቀየረች። ናይሜኸን ከተማ አጠገብ ግንቡን 350 ሜትር ወደ ኋላ አፈግፍጋ ለወንዙ ቦታ ለቀቀችለት።

ለእኛስ? ላይኛው አገር የጥላ ዛፉንና የጫካ ቡናውን ይጠብቅ፤ ቅጠሉና ሥሩ ዝናቡን አዘግይተው ያሰርጉታል። መሬቱ ውሃ ከጠገበ በኋላ የሚመጣውን ትልቅ ሙላት ግን ጫካ ብቻውን አይመልሰውም፤ እሱን የሚችለው ሜዳው ነው። ስለዚህ ግንቡ ሰው ለተጠጋጋበት ከተማ ይሁን፤ ሜዳው ለእርሻ፣ ለግጦሽና ለአውሬ ይቅር። ቤት መሥራት ያሰበም መሬቱን በጥር አይቶ አይወስን፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳልና፣ ነሐሴ ላይ የት ድረስ እንደሚመጣ የአገሩን ሽማግሌዎች ይጠይቅ።