ከባሮ ዳር የሚጻፍ የገና ደብዳቤ

በእንግሊዝ አገር ገና ሲቃረብ ወላጆች ለልጆቻቸው የገና አባት ደብዳቤ ያዝዛሉ። የልጁን ስም፣ ዕድሜና የሚወደውን ነገር ሞልተው ይሰጣሉ፤ ደብዳቤው በስሙ ታትሞ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል፤ የሚለግሱት ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ይውላል። በ1884 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ሕፃናትን ከጥቃት ለመጠበቅ የሚሠራው ኤንኤስፒሲሲ የሚባለው ድርጅት በዚህ መንገድ ገንዘብ ያሰባስባል። እኛ ጋ ያለው የገና ደብዳቤ የሚሄደው በተቃራኒው ነው፤ ጸሐፊው ልጁ ራሱ ሲሆን ተቀባዩ ባሕር ማዶ ያለ፣ ዓይኑን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። የስፖንሰር ደብዳቤ እንለዋለን። እኔ ከዕርዳታ ሥራ ሁሉ እንደዚህ ደብዳቤ የተናቀ ነገር አላውቅም።

አሠራሩ ለማንም እንግዳ አይደለም። ስፖንሰሩ በየወሩ ይከፍላል፣ ድርጅቱ ልጁን በትምህርትና በሕክምና ይደግፋል፣ ልጁ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይጽፋል። ወርልድ ቪዥን ኢትዮጵያ ውስጥ መሥራት የጀመረው በ1971 እ.ኤ.አ.፣ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት በኩል የሚሠራው ኮምፓሽን ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። «የፕሮጀክት ልጅ ነበርኩ» የሚል ጎልማሳ በየመሥሪያ ቤቱ ታገኛላችሁ።

ነገሩ ከመነሻው ከደብዳቤ ጋር የተያያዘ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ጆን ላንግደን ዴቪስ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ አንድ ትንሽ ልጅ ያገኛል፤ ልጁ ላይ የአባቱ ማስታወሻ አለ። አባትየው ሳንታንደር ከተማ ስትያዝ እንደሚረሸን ገልጾ፣ ልጁን ያገኘ ሁሉ ስለ እሱ ብሎ እንዲንከባከበው ይለምናል። ዛሬ ፕላን ኢንተርናሽናል የምንለው ድርጅት የተጠነሰሰው ያኔ ነው፤ ሥራውም አንድን ልጅ ከአንድ አሳዳጊ ጋር በደብዳቤ ማገናኘት ነበር። ኮምፓሽን በ1952፣ የወርልድ ቪዥን የስፖንሰር አሠራር ደግሞ በ1953 የተጀመሩት በኮሪያ ጦርነት ወላጅ ባጡ ሕፃናት ምክንያት ነው። በዚያው ጦርነት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችንም ዶንግዱቾን ላይ ለኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ ከፍተው ነበር። ስፖንሰርነት ከውጭ ወደ እኛ ብቻ የሚፈስ ነገር አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱት ደስ ይለኛል።

እዚህ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ጋምቤላ ላይ፣ የገና ደብዳቤ የሚጻፈው በክረምት ነው። ፈረንጆቹ ገናን የሚያከብሩት በእኛ ታኅሣሥ 16 ስለሆነ፣ ወረቀቱ ተጽፎ፣ ተተርጉሞ፣ ተመርምሮ እስኪደርስ ወራት ቀድሞ መጀመር አለበት። ልጆቹ እንኳን ለልደት በዓል አደረሰዎ ብለው ሲጽፉ ባሮ ሞልቶ ነው፤ ኢታንግ፣ ላሬና ጅካዎ ወረዳዎች ውሃ የሚገባባቸው ወራት ናቸው። የገናው ቀንም አንድ አይደለም። በክልሉ ከ3 መቶ ሺህ በላይ የሆኑት ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች ታኅሣሥ 16 ያከብራሉ፤ ኦርቶዶክሱ ደግሞ ታኅሣሥ 29። በአንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ልጆች ስለ ሁለት ገና ሊጽፉ ይችላሉ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። «የልጆቹ ደብዳቤ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሠራተኛው ነው የሚጽፍላቸው» ይባላል። ስፖንሰሮች ይሉታል፣ እዚሁ ያሉ የተማሩ ሰዎችም ይሉታል። ማስረጃቸው ሰላምታው ነው፤ «ውድ ስፖንሰሬ፣ ለጤናዎ እንዴት ነዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ቤተሰብዎ እንዴት ነው? የእኔም ቤተሰብ ደህና ነው» እያለ ግማሽ ገጽ ይሄዳል።

እስቲ ከገጠር የመጡ የድሮ ደብዳቤዎቻችሁን አውጡና ተመልከቱ። አባት ፊደል የቆጠረ ልጅ አስቀምጦ ሲያስጽፍ መጀመሪያ ጤና ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የቤቱን ሰው በየስሙ እየጠራ ሰላም ያስብላል፣ ጎረቤት ይከተላል፣ ዋናው ጉዳይ መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ይገባል። ሰላምታ ያሳጠረ ሰው እንደተቆጣ ይቆጠር ነበር። የስፖንሰር ልጅም የሚጽፈው በዚያው ወግ ነው። በዚህ ላይ የጋምቤላን ልጅ አስቡት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ልጁ ግን አኙዋክ ወይም ኑዌር ወይም መዠንገር ሆኖ ቤት ውስጥ በሌላ ቋንቋ ያደገ ነው። አማርኛ ሲጽፍ እርግጠኛ የሚሆንበት ቦታ ሰላምታው ነው። እዚያ ላይ እጁ አይንቀጠቀጥም። የራሱን ነገር ለመናገር ግን ቃል መፈለግ አለበት፣ ስለዚህ ያሳጥረዋል።

አንድ ቅዳሜ በከተማው አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ልጆች ሲጽፉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት ልጅ ሰላምታውን በአንድ ትንፋሽ ጨርሳ እስክሪብቶዋን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ «ውሃው ማንጎው ጋ ደረሰ» ብላ ጻፈች። ስለ ጎርፉ ያለችው ይኸው ነው። ከሥሩ ግን ዛፉን ሣለች፤ ግንዱ እስከ ግማሹ በሰማያዊ ተቀብቷል፣ ቅርንጫፉ ላይ አንዲት ዶሮና አንድ ጀሪካን አሉ። ዶሮዋ ለምን ዛፍ ላይ እንደወጣች ጠየቅኋት። ቤት ውስጥ ውሃ ስለገባ አያቷ ናቸው ያስቀመጧት። ደብዳቤውን ያነበበ ሠራተኛ ይህን በኅዳግ ላይ በአንድ መስመር ቢጽፈው ስፖንሰሩ ስለዚያ ቤት ከማንኛውም ሪፖርት የበለጠ ያውቅ ነበር። እንግዲህ ደብዳቤ የደረሳችሁ ሰዎች፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት መስመሮችና ሥዕሉን ሳትመረምሩ «ምንም አይልም» አትበሉ።

እርግጥ ነው፣ ጥፋት የለም አልልም። ሰሌዳ ላይ ናሙና ጽፎ ሁሉም እንዲገለብጥ የሚያደርግ ሠራተኛ አይቻለሁ። ሠላሳ ልጅ ይዞ ቀኑ ሊያልፍበት ሲል እንደሚቸኩል ይገባኛል፤ ግን እንዲህ ማድረግ ልጁን ዝም ማሰኘት ነው። ናሙናው ለሰላምታው ይሁን። ከዚያ በኋላ ያለውን ለልጁ ተዉለት፤ ፊደል ቢገድፍም አታርሙት፣ የሚተረጉመው ሰው ይረዳዋል። አስተርጓሚዎችንም አደራ የምለው አለ፤ የልጁን አጭር ዓረፍተ ነገር አታስረዝሙ፣ አታሳምሩ። ልጅ «ላማችን ወለደች» ካለ እንደዚያው ይሂድ። ለኑዌር ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ዜና የለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ መልስ የማይጽፍ ስፖንሰር ነው። ክፍያውን አያዛንፍም፣ ግን አንዲት መስመር አይልክም። ደብዳቤ በሚታደልበት ቀን ስሙ ያልተጠራ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሌላውን ፖስትካርድ ሲያይ ይውላል። ስፖንሰርነት ለልጁ ምን እንደሚጠቅም ደግሞ ተጠንቷል፤ ኢኮኖሚስቱ ብሩስ ዋይዲክና ሁለት ባልደረቦቹ በ6 አገሮች ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን አጥንተው በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በኮምፓሽን ስፖንሰር የተደረጉ ልጆች ካልተደረጉት ይልቅ ከ1 እስከ 1 ዓመት ተኩል ያህል ተጨማሪ ጊዜ በትምህርት ቤት ቆይተዋል። ኢትዮጵያ ከ6ቱ አንዷ አልነበረችም። ዋይዲክ ከዚያ በኋላ የልጆችን ሥዕል ጭምር ይዞ ተስፋቸውን ወደማጥናት ገባ፤ ልጁ ስለ ራሱ የሚያስበው ነገር ከደብተሩና ከዩኒፎርሙ እኩል መታየት አለበት ብዬ ስለማምን ትክክለኛውን በር ያንኳኳ ይመስለኛል። የሩቅ ሰው ስሙን ጽፎ «የሒሳብ ፈተናህ እንዴት ሆነ?» ያለው ልጅ ለሚቀጥለው ፈተና እንዴት እንደሚቀመጥ መምህራኑን ጠይቁ።

በውጭ አገር ያላችሁ ኢትዮጵያውያን ስፖንሰሮች ሌላው የሌለው ዕድል አላችሁ፤ በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ። ልጁ እናንተ የጻፋችሁትን በራሱ ዓይን ያነበዋል። ድርጅቱ ደብዳቤውን ማየቱ አይቀርም፣ አድራሻና ስልክ መለዋወጥም አይፈቀድም፤ ይህ ለልጁ ደኅንነት ነውና አትከፉበት። ፊደላችሁን ጎላ አድርጋችሁ በአጭሩ ጻፉ። «ለገና ምን ልላክልህ?» አትበሉት፣ ሊመጣ የማይችል ነገር ያስመኘዋል። ስለ ከብቱ፣ ስለ ኳሱ፣ ከወንድሞቹ ማን ዋና እንደሚበልጥ ጠይቁት። የምትሠሩበትን ቦታ የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ ጨምሩ፤ በረዶ ካለበት የተሻለ ነው፣ ጋምቤላ ላይ ስለ በረዶ የሚነሣው ጥያቄ አያልቅምና ለሚቀጥለው ደብዳቤ በቂ ነገር ይኖረዋል። ለታኅሣሥ 29 እንዲደርስለት ከፈለጋችሁ ግን መስከረም ሳይጠባ ላኩት።