ጨዋታ እንጀራ ይሆናልን?

አንዲት እናት በቅርቡ ወደምናስተምርበት ትምህርት ቤት መጥተው፣ ከክፍል እስክንወጣ ድረስ በደጅ ቆመው ጠበቁን። ልጃቸው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። «መምህር፤ ልጄ ትምህርቴን ትቼ የኮምፒዩተር ጨዋታ እየተጫወትሁ እንጀራዬን እበላለሁ አለኝ። ብቆጣው አልሰማኝም፤ ባለቅስበትም አልራራልኝም። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሥራ በዓለም ላይ አለ? ወይስ ልጄን አንድ ነገር ነክቶብኛል?» አሉን።

እኛም ወዲያው መልስ ለመስጠት አልደፈርንም። ዳዊት ደግመን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደግን፣ ኋላም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት የገባን ሰዎች ስለሆንን፣ ጨዋታ ለእኛ ከሥራ በኋላ የሚመጣ ዕረፍት እንጂ ራሱ ሥራ ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን የማያውቁትን ከመንቀፍ አስቀድሞ መመርመር ይገባልና፣ «እኅቴ፤ ሁለት ሳምንት ይስጡን» ብለን አሰናበትናቸው። መርምረን ያገኘነውንም ለሌሎች ወላጆች ይጠቅም ዘንድ ከዚህ በታች እንጽፋለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልንናገረው የሚገባን፣ ልጁ አለመዋሸቱን ነው፤ ሥራው በእርግጥ አለ። ቀድሞ ሥር የሰደደውም በደቡብ ኮርያ ነው። በ1997 የእስያ የገንዘብ ቀውስ በደረሰ ጊዜ ብዙ ኮርያውያን ከሥራቸው ተፈናቀሉ። በዚያም ዘመን «ፒሲ ባንግ» የሚባሉት፣ በሰዓት እየተከፈለ በኮምፒዩተር የሚሠራባቸው ቤቶች በየመንደሩ ተከፈቱ። በ1998 ስታርክራፍት የተባለው የጦር ስልት ጨዋታ ሲወጣ፣ ወጣቱ በእነዚያ ቤቶች እየተሰበሰበ ይወዳደርበት ጀመር። በ2000 የኮርያ የኢ-ስፖርት ማኅበር ተቋቋመ፤ ውድድሩን የሚያሳይ የቴሌቪዥን ጣቢያም ተከፈተ፤ ትልልቅ ኩባንያዎችም ቡድን እየመሠረቱ ለተጫዋቾች ደመወዝ ይከፍሉ ጀመር። ከመጀመሪያዎቹ ባለዝናዎች አንዱ ሊም ዮ-ህዋን ሲሆን፣ አድናቂዎቹ «ንጉሠ ነገሥት» እያሉ ይጠሩት ነበር።

ከእርሱ በኋላ የተነሣውና ዛሬ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነገርለት ሊ ሳንግ-ህዮክ ነው፤ በጨዋታ ስሙ ፌከር ይባላል። በ1996 ተወለደ፤ ያሳደጉትም አባቱና አያቱ ናቸው። በ2013 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አቋርጦ የአንድ የስልክ ኩባንያ ቡድን ውስጥ ገባ፤ በዚያው ዓመትም በ17 ዓመቱ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ በተባለው ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2015ና በ2016 ደገመ፤ ሠለሰ። ከዚያ በኋላ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ዋንጫውን ሳያገኝ ቆየ። በ2017ና በ2022 ለመጨረሻው ግጥሚያ ደርሶ ተሸነፈ። በ2023 እጁን ታምሞ ለሳምንታት ከውድድር ራቀ፤ ሆኖም በዚያው ዓመት መጨረሻ ዋንጫውን መልሶ አነሣ፤ በ2024ና በ2025ም እንደገና አሸነፈ።

ልጆቻችን ይህን ታሪክ ሲሰሙ «ትምህርቱን አቋረጠ» የሚለውን ቃል ብቻ ነጥለው ይይዛሉ። እኛ ግን የነገሩን ቅደም ተከተል ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ፌከር ከትምህርት ቤት የወጣው ተጫዋች ለመሆን ተስፋ አድርጎ አይደለም። አስቀድሞ በኮርያ ካሉት ተጫዋቾች ሁሉ በላይኛው ተራ ላይ ደርሶ፣ ደመወዝ የሚከፍል ቡድን ጠርቶት ነው። ሥራው እርሱን ፈለገው እንጂ፣ እርሱ ደብተሩን ጥሎ ሥራውን ፍለጋ አልወጣም። በዚህና በዚያ መካከል ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው።

ሁለተኛው የእንጀራ መንገድ፣ ጨዋታን በኢንተርኔት በቀጥታ ማሳየት ነው። በ2011 ትዊች የተባለው አገልግሎት ለዚሁ ተግባር ተከፈተ፤ በ2014ም አማዞን የተባለው ኩባንያ በ970 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ እየተጫወተ ይናገራል፤ ሰዎችም ከየቤታቸው ያዩታል፤ ይጽፉለታል። ከተመልካቾቹ የወደዱት በየወሩ መዋጮ ይከፍሉለታል፤ ከዚህም አገልግሎቱ ድርሻውን ያነሣል፤ በተለመደው ውል ግማሹን ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ከማስታወቂያ፣ ከስጦታና ዕቃውን ለማስተዋወቅ ከሚፈልግ ነጋዴ ገቢ ይገኛል። ስለዚህ የዚህ ሰው ሥራ መጫወት ብቻ አይደለም። አንደበተ ርቱዕ መሆን፣ ሰዓት አክብሮ በየቀኑ መገኘት፣ ምስልና ድምፅ ማስተካከል፣ የሚሰድበውንም በትዕግሥት ማሳለፍ አለበት። በአጭሩ፣ ደንበኛ እንደሚጠብቅ ባለሱቅ ነው።

በዚህ መንገድ ከታወቁት አንዱ ኒንጃ የሚባለው አሜሪካዊው ሪቻርድ ታይለር ብሌቪንስ ነው። በ2018 ፎርትናይት በተባለው ጨዋታ ዝናው ዓለምን ከመሙላቱ በፊት፣ በኮሌጅ እየተማረና በምግብ ቤት እየሠራ ለዓመታት ተጫውቷል። እርሱም በበኩሉ ለሚከተሉት ወጣቶች፣ ሁሉን ትታችሁ በዚህ ብቻ አትወሰኑ ብሎ በግልጽ መክሯል።

እንግዲህ ሥራው ካለ፣ ስንቱ ይደርስበታል? በሐምሌ 2019 በኒው ዮርክ የፎርትናይት የዓለም ዋንጫ ተደርጎ ነበር። የ16 ዓመቱ ልጅ ካይል ጊርስዶርፍ ለብቻው በሚደረገው ግጥሚያ አንደኛ ወጥቶ 3 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ። ይህ በየጋዜጣው ወጣ። ነገር ግን አዘጋጁ እንዳስታወቀው ማጣሪያውን የሞከሩት ወደ 40 ሚሊዮን ሰዎች ሲሆኑ፣ በዚያ ግጥሚያ ለፍጻሜው የቀረቡት 100 ብቻ ናቸው። የአንዱ ስም ሲነገር የሌሎቹ ሚሊዮኖች ስም አይነገርም። ቁጥሩን ሳይቈጥሩ ተስፋ ማድረግ «ላም አለኝ በሰማይ» እንደሚባለው ነው።

በተጨማሪም የኢንተርኔቱ መሬት የሰው መሬት ነው። ኒንጃ በ2019 ሚክሰር ወደሚባል የማይክሮሶፍት አገልግሎት ተዛውሮ ነበር፤ ሚክሰር ግን በሐምሌ 2020 ተዘጋ። ትዊችም ራሱ የመሥመር ኪራይ ከበደኝ ብሎ በየካቲት 2024 ከደቡብ ኮርያ ወጣ፤ በዚያ የሚሠሩት ሁሉ ተመልካቾቻቸውን ይዘው ሌላ ስፍራ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ጭሰኛ እርሻውን አሳምሮ ቢያርስ ባለመሬቱ በፈለገ ጊዜ እንደሚያስነሣው፣ ይህም እንደዚያ ነው።

ይሁን እንጂ «ይህ የባለጸጋ አገር ልጆች ነገር ነው» ብለን እንዳንዘጋው፣ አንድ የፓኪስታን ወጣት ይቃወመናል። አርስላን ሲዲክ፣ በጨዋታ ስሙ አርስላን አሽ፣ የላሆር ከተማ ልጅ ሲሆን ተክን የተባለውን የግጥሚያ ጨዋታ የተማረው በሳንቲም በሚጫወቱባቸው የሰፈር ቤቶች ነው። በየካቲት 2019 ከብዙ የቪዛና የጉዞ ችግር በኋላ ጃፓን ደርሶ፣ ማንም ሳያውቀው ትልቁን ውድድር አሸነፈ። በዚያው ዓመት ነሐሴም በላስ ቬጋስ ደገመው። ባልንጀሮቹ በሰፈራቸው ሳሉ እርስ በርሳቸው አጥብቀው ይወዳደሩ ስለ ነበር፣ ብርታቱን ያገኘው ከእነርሱ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ተምረናል፤ ይኸውም መጫወትና መሠልጠን አንድ አለመሆናቸው ነው። በቅኔ ቤት የነበረ ሰው ይህን በቶሎ ያስተውለዋል። ተማሪ ቅኔውን ቈጥሮ ለመምህሩ ሲነግር፣ ቤቱ ቢጐድል ወይም ምሥጢሩ ቢበላሽ መምህሩ ያርመዋል፤ እርሱም በማግሥቱ ሌላ ቈጥሮ ይመጣል። ደጋግሞ ማዜም ብቻ ባለቅኔ አያደርግም። እንደዚሁም የሠለጠነ ተጫዋች የተሸነፈበትን ግጥሚያ መልሶ ያየዋል፤ ከአሠልጣኙ ጋር ስሕተቱን ይለቅማል፤ ያችኑ አንዲት እጅ መቶ ጊዜ ይደጋግማል። ሌሊቱን ሙሉ ተጫውቶ ምን እንደ ተማረ መናገር የማይችል ልጅ ግን እየተዝናና ነው እንጂ እየሠራ አይደለም።

ጉዳቱም ሊሸሸግ አይገባም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጨዋታ ሕመም አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ምልክቶቹም ጨዋታውን መግታት አለመቻል፣ ከሌላው ኑሮ ሁሉ ማስቀደምና ጉዳት እያዩ መቀጠል ናቸው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲታይ ነው። በኮርያም በ2010 የቀድሞ ሻምፒዮን ጭምር ያሉባቸው ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው ሆነ ብለው በመሸነፋቸው ለዘለቄታው ከሙያው ተባርረዋል። ቁማር ወደዚህ ደጅ የቀረበ ጎረቤት ነውና ወላጅ ነቅቶ ይጠብቅ።

በእኛም አገር በየሰፈሩ ጌም ቤት አለ፤ ልጆቻችንም በፕሌይስቴሽን ኳስ ሲጫወቱ ውለው ያመሻሉ። ከባሕር ማዶ ጋር ልወዳደር የሚል ልጅ ግን አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ይወቅ። የጨዋታው ዋና ኮምፒዩተር በሩቅ አገር ሲቀመጥ ትእዛዙ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በእንዲህ ያለው ጨዋታ ደግሞ የዐይን ጥቅሻ ያህል መዘግየት ያስሸንፋል። መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ተመልካች አይጠብቅም። ክፍያውም በውጭ ገንዘብ ስለሚሆን በየትኛው ባንክ በኩል እንደሚገባ ከመጀመሪያው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለቱ ሳምንት ሲፈጸም እናቲቱና ልጃቸው አብረው መጡ። ይህን ሁሉ ከነገርናቸው በኋላ ልጁን «አንተ ልጅ፤ በአገራችን ካሉት ተጫዋቾች ስንተኛ ነህ?» ብለን ጠየቅነው። አንገቱን ደፋና «አላውቅም፤ ጌታዬ» አለ። እኛም አልተሳለቅንበትም፤ አንድ ውል ግን አቀረብንለት። ትምህርቱን አይተውም። በትምህርት ቀን አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ይጫወታል፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ግን ጨዋታ የለም። በደብተር ላይ ሦስት ዓምድ ያሰምርና የተጫወተበትን ሰዓት፣ የተማረውን፣ ያገኘውን ገንዘብ ይጽፋል። እናቱን ደግሞ ደብተሩን በየእሑዱ እንዲያዩ፣ በሌላው ቀን ግን እንዳይነዘንዙት ለመንናቸው። ማንኛውም ውል ቢመጣለት ሁለቱ አብረው ሳያነቡ አይፈርምም።

የትምህርቱ ወቅት ሲያልቅ ደብተሩን ይዞልን መጣ። የገንዘቡ ዓምድ ባዶ ነበር። የሰዓቱ ዓምድ ውሉን ሦስት ጊዜ ማፍረሱን ሳይደብቅ ያሳያል። በመካከለኛው ዓምድ ግን ምስል መቁረጥና መቀጠል፣ ድምፅ ማስተካከል፣ በእንግሊዝኛ መግለጫ መጻፍ እንደ ተለማመደ በንጹሕ እጅ ጽፏል። እነዚህ ለፎቶግራፍ ቤትም፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያም የሚያገለግሉ ሙያዎች መሆናቸውን ነገርነው። በጨዋታው ዙሪያም ዳኛ፣ ተንታኝ፣ የምስል አዘጋጅ ሆነው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው።

ልጁ ሻምፒዮን ይሆን እንደ ሆነ እኛ ነቢይ አይደለንም። እናቱን ግን ደስ ያሰኛቸው ሌላ ነገር ነው። «መምህር፤ እስከ ዛሬ በሩን ዘግቶ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ቡና አፍልቼ ደብተሩን ያነብልኛል፤ እኔም እጠይቀዋለሁ» አሉን። ክፍል የሚገባበት ደወል ተደወለና ተሰናበትናቸው፤ ልጁም ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ክፍሉ ሄደ።