በኦሞራቴ ፀሐይ፣ መስታወት በሌለው ካሜራ

ኦሞራቴ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ለፎቶ አንሺ አታዝንም። ከጂንካ ቁልቁል ተወርዶ የሚደረስባት ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 400 ሜትር እንኳን አትሞላም። ሰማዩ ከሰማያዊ ይልቅ ወደ ነጭ ያደላል፤ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ካሉት የዳሰነች ክብ ጎጆዎች ብዙዎቹ ቆርቆሮ ስለለበሱ ብርሃኑን መልሰው ዓይን ላይ ይረጩታል። ሚረርለስ የሚባለውን አዲስ ካሜራ ደህና አድርጌ የፈተንኩት እዚህ ነው። ካኖን ኢኦኤስ አር 8 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ነው።

በር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። በራሳቸው ላይ ከጠርሙስ ክዳን የተሠራ ጌጥ፣ በአንገታቸው ላይ ድርብርብ ጨሌ አለ። አስጎብኚው ልጅ አስፈቅዶልኝ ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ ፊታቸው በቪውፋይንደሩ ውስጥ ጥላ መስሎ ታየኝ። ከኋላቸው ያለው ቆርቆሮ ግን ይንቦገቦጋል። ገና አላነሳሁም። የብርሃን ማስተካከያውን ጎማ በአውራ ጣቴ ሦስት አራት ጊዜ ሳዞር ፊታቸው እየፈካ መጣ፤ የግንባራቸው መስመርና የጨሌው ቀይና ቢጫ አንድ በአንድ ወጣ። ከዚያ ተጫንኩ። ቆርቆሮው ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ይቅር፣ እኔ የምፈልገው እሳቸውን ነው።

ይህ በቀድሞው ካሜራዬ አይሆንልኝም ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዲኤስኤልአር በሚባለው ካሜራ ሆድ ውስጥ 45 ዲግሪ ዘንበል ያለ መስታወት አለ። በሌንሱ የገባው ብርሃን በዚህ መስታወት ነጥሮ ወደ ላይ ይወጣና በመስታወታማው ፕሪዝም ዞሮ ዓይናችን ጋ ይደርሳል። ስንጫን መስታወቱ ቀጭ ብሎ ይነሳል፤ ብርሃኑም ምስሉን በሚቀርጸው ሴንሰር ላይ ያርፋል። እንግዲህ ዓይናችን የሚያየው ቦታውን እንጂ ፎቶውን አይደለም። ፎቶው መጥቆሩን የምናውቀው ካነሳን በኋላ ነው። ሚረርለስ ማለት ያ መስታወት የወጣለት ካሜራ ነው። ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ይወድቃል፤ ሴንሰሩ ያየውን ደግሞ በቪውፋይንደሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ስክሪን ታሳየናለች።

መስታወት አለመኖሩ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ በነበረበት ዘመን የተለመደው ባለሳጥን ካሜራም መስታወት አልነበረውም። ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ፣ ከኋላ ባለው ደብዛዛ ብርጭቆ ላይ ተገልብጦ የሚታየውን ምስል እያየ ነበር የሚያስተካክለው።

ፊት የሚጠቁርበትን ምክንያት ማወቅ ለእኛ አገር ፎቶ አንሺ ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የተሠራው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ እንዲገምት ነው። ነጭ ሰማይና የሚያበራ ቆርቆሮ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ሲቀንስ የሚጎዳው ጠይሙና ጥቁሩ ፊት ነው። ከደቡብ ኦሞ ተነስተው ዓለምን ከዞሩ ፎቶዎች መካከል ሰውን ጥላ አድርገው ጌጡን ብቻ ያጎሉ አሉ። ለዚህ አንዱ ሰበብ ይህ መለኪያ ይመስለኛል። አዲሱ ካሜራ ግምቱን አልተወም፤ ስህተቱን ግን ሳንጫን ያሳየናል።

ሌላው ደስ ያለኝ ክብደቱ ነው። ባትሪና ካርድ ገብቶለት 461 ግራም ነው፤ እንደ እሱ ሙሉ ፍሬም ሴንሰር ያለው የካኖን ዲኤስኤልአር፣ ፋይቭ ዲ ማርክ 4፣ ግን 890 ግራም ነበር። መስታወቱ ሲወጣ ሌንሱ ወደ ሴንሰሩ ተጠጋ፤ በካኖን 44 ሚሊ ሜትር የነበረው ርቀት ወደ 20 ወርዷል። በዚህ ክፍተት ልክ የተሠራ አዳፕተር ስለሚገባ የድሮ ሌንሶች አሁንም ይሠራሉ። ስለዚህ ሌንስ ያላችሁ ሰዎች፣ ለመሸጥ አትቸኩሉ።

ከሌንሶቹ የወደድኩት ትንሹን ነው፤ ባለ 50 ሚሊ ሜትሩን፣ ኤፍ 1.8። 160 ግራም ብቻ ነው፣ ጎጆ ውስጥ ባለ ጭላንጭል ብርሃንም ያነሳል። ዙም ስለማያደርግ የሰው ፊት ለማንሳት ሁለት ሦስት እርምጃ ድረስ መጠጋት ግድ ይላል። የተጠጋ ሰው ሰላም ይላል፣ ስም ይጠይቃል። በረጅሙ ሌንስ ግን ከወንዙ ዳር ሆኖ፣ ግንድ ተቦርቡሮ በተሠራችው ጀልባ የሚሻገረውን ሰው ሳያውቅ መንጠቅ ይቻላል። ካሜራው ያለ ድምፅ ማንሳት መቻሉ ደግሞ ፈተናውን ያብሳል። ድምፅ አለመኖሩ ለቅሶ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥሩ ነው፤ ሳያስፈቅዱ ለማንሳት ግን ምክንያት አይሆንም። በዳሰነችም ሆነ በሐመር መንደሮች ለሚነሳ ፎቶ ክፍያ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ዋጋው ካሜራው ከአንገት ሳይነሳ በፊት ይነገር፤ ያነሳችሁትንም ለባለቤቱ አሳዩ።

አቧራ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሌንስ ሲወልቅ ሴንሰሩን የሚጋርድ መስታወት የለም። ካሜራውን አጥፉ፣ አፉን ወደ መሬት ድፉ፣ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ቀይሩ። ከተቻለ ቀኑን በአንድ ሌንስ ዋሉ።

ባትሪም አለ። ስክሪኑ ሁልጊዜ ስለሚበራ ሚረርለስ ሁሉ ባትሪ ይበላል። በአምራቹ መለኪያ ፋይቭ ዲ ማርክ 4 በአንድ ባትሪ 900 ያህል ፎቶ ሲያነሳ፣ አር 8 በቪውፋይንደር 150 ገደማ ነው የሚያነሳው። ወደ ኦሞራቴ የምትወርዱ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ባትሪ ያዙ፤ ሦስቱንም ጂንካ ስታድሩ ሙሏቸው።