«ባንኩ ወደቀ» የተባለበት ቅዳሜ

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበረ። ዲላ እንደ ወትሮዋ ነቅታለች፤ ባጃጆች ይጮኻሉ፤ ጆንያ የጫኑ አይሱዙዎች በዋናው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ያልፋሉ። ከተከራየሁበት ግቢ ስወጣ የቤቱ ባለቤት ከደጃፋቸው ቆመው ጠበቁኝና፥ «መምህር፥ ሰምተሃል? ንግድ ባንክ ወደቀ አሉ» አሉኝ። ማን እንዳለ ብጠይቃቸው፥ «ሁሉም» ብለው መለሱልኝ። እንዲህ ያለውን ወሬኛ መክሰስም ማመስገንም አይቻልም።

ሻይ ቤት ብገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አንዱ፥ የውጭ አገር ሌቦች በኮምፒዩተር ገብተው ካዝናውን አጠቡት ይላል፤ ሌላው፥ የለም፥ ገንዘቡ ቀድሞውንም አልቆ ኖሯል ይላል። ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሩ የተከፈተ እንደ ሆነ ከሁሉ ቀድሞ መግባት።

ከጥግ በኩል ከወናጎ የመጡ ገበሬ ተቀምጠዋል። የአንድ ተማሪዬ አባት ናቸው። በመኸሩ እሸት ቡናቸውን ለማጠቢያ ጣቢያ ሸጠው ገንዘቡን ባንክ ያኖሩት ለቤታቸው ቆርቆሮ ሊገዙበት ነው። በጌዴኦ አገር የቡና ገንዘብ የሚገባው በዓመት አንድ ወራት ነው። እንሰቱ ከጓሮ ስላለ ቤተ ሰቡ አይራብም፤ ቆርቆሮና ደብተር ግን ከእንሰት አይፋቅም። ሰውየው ቀና ብለው አዩኝና፥ «ልጄ፥ አንተ የተማርክ ነህ፤ ላውጣው ወይስ ልተወው?» አሉኝ።

እኔ የማስተምረው ታሪክ ነው። ተዉት ብላቸውና ቢጠፋ፥ ቆርቆሮውን የምከፍላቸው ከየትኛው ደመወዜ ነው? «እስኪ እስከ ሰኞ ይቆዩ» ብዬ አመለጥኩ። የሚከተለውን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ እየጠየቅሁና እያነበብኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዓርብ ለቅዳሜ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአሠራሩ ላይ ማሻሻያና ፍተሻ ሲያደርግ የሂሳብ መቆጣጠሪያው ተዛባ። ሰው በሂሳቡ ካለው በላይ ከማሽን ለማውጣትና በስልክ ወደ ሌላ ሰው ለማስተላለፍ ቻለ። ይህን ወሬ በሌሊት የሚሰማ ማን ነው? ያልተኛ ተማሪ ነው። ከጅማም ከዲላም ጓደኞቻቸው ገንዘብ ሲያወጡ እንደ ነበር ለዜና ሰዎች የተናገሩ ተማሪዎች አሉ። ባንኩ ነገሩን ሲያውቅ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቆመ። ዘራፊ አልገባም፥ የአስቀማጮች ገንዘብ አልተነካም ሲል አስታወቀ፤ ግን የተዘጋ በር ከማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል።

ፍርሃቱን ሞኝነት ነው ብዬ አልንቀውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያን ባንክ ሲከፍቱ ሕዝቡ የሚያምነው ጠገራ ብሩን ነበር። ጠገራው ሲጥሉት ያቃጭላል፤ ወረቀት ምን ድምፅ አለው? ያ ባንክ በ1923 ተዘግቶ በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፤ ይህንንም አምስት ዓመት ሳይቆይ የኢጣሊያ ወረራ አዘጋው። በ1934 የተቋቋመው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1956 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሆነ። በታኅሣሥ 1967 ደግሞ ደርግ የግል ባንኮችን ወረሰ። ይህን ሁሉ ያየ ወይም የሰማ ሽማግሌ፥ ባንክ የሚከፈትም የሚዘጋም ነገር መሆኑን ያውቃል።

ሆኖም ብዙዎቻችን ባንክን እንደ ትልቅ ሣጥን እናስበዋለን፤ ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል። የወናጎው ሰው ገንዘብ በስማቸው ታስሮ ካዝና ውስጥ አልተቀመጠም። ጥቂቱ ለዕለት ወጪ ይቀራል፤ የቀረው ለቡና ላኪ፥ ለሕንፃ ሠሪ፥ ለመንግሥት ድርጅት ተበድሮ ይሠራል። ስለዚህ በዓለም ላይ የቱንም ያህል ጤነኛ ባንክ ቢሆን አስቀማጮቹ ሁሉ በአንድ ማለዳ ቢመጡበት ሊከፍል አይችልም። ከዚያ ቅዳሜ ልክ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ ሲሊከን ቫሊ የሚባለው ባንክ እንዲህ ሆነ። በያዘው ቦንድ ከስሮ ነበር፤ ወሬው በስልክ ሲዛመት ደንበኞቹ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ሊያወጡ ጠየቁ፤ በማግሥቱ ባንኩ ተዘጋ። ሰልፍ እንኳ አልተሠለፉም፤ ከአልጋቸው ሆነው ነው።

እንግዲህ የእኛው ጉዳት ምን ያህል ነበር? ባንኩ ያለ አግባብ ወጣ ያለው 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነው። ሲሰሙት ያስደነግጣል። ነገር ግን ንግድ ባንክ በዚያን ጊዜ የያዘው የሕዝብ ተቀማጭ ከአንድ ትሪሊዮን ብር በላይ ነበር። ሺህ ብር ከያዘ ሰው ኪስ 80 ሳንቲም እንደ መውደቅ ነው። ከዚያውም 622 ሚሊዮን ያህሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሰ። ያልመለሱትን ሰዎች ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን በየቅርንጫፉ ደጃፍ ለጠፈ፤ እኔ ይህን ቅጣት አልወደድኩትም፤ ሠራ እንጂ።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በዚያ ሌሊት 9,000 ብር አውጥቶ ኖሯል። «የባንክ ነው እንጂ የሰው አልወሰድኩም» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሂሳብ ከእኔ ይበልጣል። ከወናጎው አባት ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ላስቀምጠው ፈልጌ ነበር። ኋላ መለሰው፤ ለጫማና ለምግብ ያጠፋውን ግን ከአጎቱ ተበድሮ ነው የሞላው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ንግድ ባንክ ከባድ ሸክም ነበረበት፤ ነገር ግን ሻይ ቤት ያወራነው እርሱን አልነበረም። ባንኩ ለብዙ ዓመታት ለኤሌክትሪክ፥ ለባቡር፥ ለስኳርና ለሌሎችም የመንግሥት ድርጅቶች ያበደረው ገንዘብ በጊዜው አልተመለሰም። የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ ለባንኩ እንዲሰጥ ያጸደቀው ይህንኑ ዕዳ ለመሸፈን ነው። ከዚያ ሌሊት ስሕተት ጋር ሲተያይ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። ቦንዱ ባንኩን ይደግፋል፤ ዕዳው ግን አልጠፋም፥ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ተዛወረ። ግምጃ ቤቱን የሚሞላው ደግሞ ከደመወዛችን በየወሩ የሚቆረጠው ግብር ነው። በዚያ ሳምንት ግን ስለ 80 ሳንቲሙ የጮኸ መንደር ስለዚህኛው አንድ ቃል ሲናገር አልሰማሁም። ቁጥሩ ሲበዛ ጆሮ ይደነቁራል መሰለኝ።

በሚከተለው ሳምንት የወናጎውን ሰው መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ባንክ ገብተው 2,000 ብር አውጥተው፥ ከደጃፉ ቆመው ቆጥረው፥ 1,500ውን መልሰው አስገብተው መውጣታቸው ነበር። «ይሰጣል ወይ ብዬ ነው» አሉኝ። እኔም የተማርኩትን ላሳይ ብዬ፥ በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ መቋቋሙን፥ ባንክ እንኳ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ድረስ እንደሚከፈል ነገርኳቸው።

ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «ታዲያ እኔ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኛለሁ በለኛ! ይልቅ ይህን ለነጋዴው ንገረው፤ ቅዳሜ ዕለት ሲያስፈራራኝ የዋለው እርሱ ነው» ብለው ወደ ቆርቆሮ መደብሩ አቀኑ።